ባለቤቱ

መስታወት ቆራጩ በሠርጉ ቀን እንኳ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ የለበሰ ሰው አይደለም። ዛሬ ግን፣ በተራ የሥራ ቀን፣ ገና የሱቁ መዝጊያ ሳይነሳ፣ መስታወት የሚቆረጥበትን ሰፊ ጠረጴዛ ከስብርባሪ ጠርጎ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፎበት፣ ነጩን ሸሚዙን ይተኩሳል። ሚስቱ ሱቁንና መኖሪያቸውን በሚያገናኘው በር ላይ ቆማ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ታየዋለች። አንገትጌውን ሁለት ጊዜ ተኮሰው። እጅጌውን ገልብጦ ተኮሰው። ከዚያ ሸሚዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየና፣ ምን እንደጎደለው እንጃ፣ እንደገና አስተኝቶ ካውያውን ጫነበት። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር፣ አንድ ቀን እንኳ ለእሷ ሲል የተጨማደደ ነገር ሲያቃና አላየችም።

«ጠበቃ ቤት ነው እኮ የምትሄደው፣ ሚዜ አልሆንክ» አለችው።

«ሰው ፊት ነው የምቀርበው» አለ፣ ዓይኑን ከአንገትጌው ሳያነሳ።

ያ ሰው ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሻይዋን ፉት አለች፤ በርዷል።

ሚሊ ይሏታል፤ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ሱቁ በባሏ ስም ይሁን እንጂ ሜትሩን የምትይዘው እሷ ናት። ደንበኛ «በግምት ሜትር ከሃያ ነው» ሲላት «ግምት ለዘመድ ጥየቃ ነው» ብላ ራሷ ሄዳ ትለካለች። አንድ ሚሊ የተረፈ መስታወት ክፈፉ ውስጥ አይገባም፣ አንድ ሚሊ የጎደለ ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲንጣጣ ይኖራል፣ ትላለች። ከስድስት ሳምንት ወዲህ ግን ልኬቷ ከመስታወት ወደ ባሏ ዞሯል። ሲወጣ ሰዓት ታያለች፣ ሲገባ ሰዓት ታያለች። ከሱቁ እስከዚያች እጇ የተጎዳ ፀጉር ሰሪ ቤት የአሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ደርሶ መልስ ሃያ አራት። እንዴት ዋልሽ፣ እጅሽስ እንዴት ነው ለመባባል፣ ለጋስ ሆና፣ አሥር ትጨምርበታለች። ሠላሳ አራት። ባሏ ግን አንድ ጊዜም ከሰዓት በታች ቆይቶ አያውቅም። የተረፈችው ደቂቃ የት ገባች? ሆዷን እንደ ብል የምትበላት ይህቺ ጥያቄ ናት።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ለአንድ ፎቶ ቤት መስኮት የተቆረጠ ትልቅ መስታወት፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ይዘው መንገድ ሊያሻግሩ ወጡ። ቀኑ ጸጥ ያለ ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ከሁለቱ ሕንፃዎች መሐል ድንገት ነፋስ ተወረወረና ቀሚሷን እስከ ወገቧ ገለበው። ሚሊ አንድ እጇን ወደ ቀሚሷ ሰደደች። አስባ አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ቀሚስሽን» እየተባለች ያደገች ሴት እጅ ከሐሳብ ይቀድማል። መስታወቱ በእሷ በኩል ተንጋደደ፣ ባሏ ብቻውን ሊያቃናው ታገለ፣ አልሆነለትም። በእግረኛው መንገድ የምታልፍ አንዲት ወጣት ፊቷን ልትከልል ቀኝ እጇን አነሳች፤ መስታወቱ እዚያው እጇ ላይ ወረደ። ሰው ተሰበሰበ፣ ፖሊስ መጣ፣ «ማን ነው የለቀቀው?» ተባለ። ሚሊ አፏን ልትከፍት ስትል ባሏ ቀድሞ «ከእኔ እጅ ነው ያመለጠው» አለ። እሷም አፏን መልሳ ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ባልና ሚስቱ አብረው በልተዋል፣ አብረው ተኝተዋል፣ አብረው ሲሊኮን ቀብተዋል፤ ስለዚያች ቅጽበት ግን አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ወጣቷ ፀጉር ሰሪ ነበረች። የእጇ ጅማት ተቆርጦ ተሰፋ፤ ሦስት ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉም። መስታወት ቆራጩ በመጀመሪያው ሳምንት ጠበቃ ጋ ሄዶ ሲመለስ፣ እራት ላይ፣ ለእናቱና ለሚስቱ አዲስ ቃል ይዞ መጣ። «ጥፋተኛ ነህ አላሉኝም። ኃላፊ ነህ ነው ያሉኝ» አለ። አብራቸው የምትኖረው እናቱ ዳቦዋን ሾርባ ውስጥ እየነከረች «ሳያጠፉ መጠየቅ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው?» አለች። እሱም እንደተማረው አስረዳት፤ ሱቁ የእሱ ነው፣ ከሱቁ የወጣ ነገር ሰው ከጎዳ፣ ፈልጎም ይሁን ሳይፈልግ፣ ነፋስ ይግፋው ሰይጣን፣ ለተጎጂዋ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ሚሊ ሾርባዋን ስታማስል ነበር። ያን ሰሞን ባሏ ለእሷ ሲል የዋሸውን ውሸት እያሰበች ሆዷ ይባባ ነበር። በኋላ ግን ባሏ ኃላፊ የሚለውን ቃል እንደ ሹመት ይዞት ዞረ። መጀመሪያ ብርቱካን ይዞ ሄደ። ከዚያ መድኃኒት ማመላለስ ጀመረ። ከዚያ በፀጉር ሰሪዋ ቤት የተሰነጠቀውን መስታወት አውርዶ፣ ጠርዙ ዙሪያውን በሰያፍ የተሞረደ አዲስ መስታወት ራሱ ሠርቶ ሰቀለላት፤ ለዚያ ጠርዝ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ሰፈሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል እያለ አወደሰው። እናቱ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ልጄ ሰው ሆኖ ነው የተፈጠረ» ካለች በኋላ ወደ ሚሊ ዞር ብላ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ትላለች። ሚሊ ምን ትበል? የለቀቀችው እሷ፣ ይቅር የተባለው እሱ። የምታፍረው እሷ፣ የሚከበረው እሱ። የሰው ባል በሌላ ሴት ሲወሰድ ቢያንስ ሴትዮዋን መስደብ ይቻላል፤ ይህችን እንዳትሰድብ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ባሏ ጢሙን ሊላጭ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ ሚሊ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ቢጫ ፋይል ከፈተች። ዛሬ የሚፈረመው የስምምነት ረቂቅ ነው። የሕክምናውን ወጪ የሚለውን አለፈችው፣ ሥራ የፈታችበትን የሚለውንም አለፈችው፤ እነዚህ ተገቢ ናቸው፣ አልቆጫትም። ተራ ቁጥር አራት ላይ ዓይኗ ቆመ። ተጎጂዋ ለጣቶቿ ሕክምና ወደ ሆስፒታል በምትመላለስባቸው ሦስት ወራት ውስጥ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ የሱቁ ባለቤት ራሱ ይዟት ይሄዳል፣ ራሱ ይዟት ይመለሳል። «ራሱ» ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ሦስት ወር አሥራ ሁለት ሳምንት ቢባል፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ መሄድ፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ መመለስ ነው። በሕግ፣ በማኅተም፣ በሦስት ቅጂ። እሷ እንኳ ስታገባው እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ አላገኘችም።

ባሏ ፊቱን በፎጣ እያበሰ ሲገባ ሚሊ ጫማዋን ታስራለች።

«ወዴት ነው?»

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ሱቁስ?»

«እማማ ይጠብቁታል። መስታወት እግር የለው፣ አይሄድ።»

አማቷ ከአልጋዋ ጫፍ ሆና ሁለቱንም አየቻቸው። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ነበር፤ የምራቷን ፊት አየችና ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረች።

መንገዱን ጎን ለጎን ሄዱት። እሱ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ ይዟል። አንድ ጫማ ጠጋኝ ከመቀመጫው ሆኖ «እንዴት ናት ልጅቷ?» ብሎ ጠየቀው፣ እሱም ቆሞ ነገረው፤ አውራ ጣቷ ደህና ነው፣ አመልካች ጣቷም እየመጣ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ ናቸው ያስቸገሩ። ስለ ሦስቱ ጣቶች ሲያወራ የራሱን ጣቶች ያጥፍና ይዘረጋ ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳቦ ሻጯም ያንኑ ጠየቀችው፣ ያንኑ ነገራት። ሚሊን እንዴት ነሽ ያላት የለም። እሷም ለምን ይበሏት፣ ምን ሆነች? የተረፈ ሰው አይጠየቅም። ፎቶ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ሳይነጋገሩ መንገድ ተሻግረው በማዶ በኩል ሄዱ።

የጠበቃው ቢሮ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሉም ጠባብ፤ አራት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል። የመስኮቱ መስታወት ጥግ ላይ ተሰንጥቆ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሚሊ ገና ከመቀመጧ በዓይኗ ለካችው፤ አርባ በስልሳ ይሆናል። ጠበቃው ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሙቅ ውኃ በትልቅ ኩባያ ይዘው በየመሐሉ እንፋሎቱን ይስባሉ። ፀጉር ሰሪዋ ቀድማ መጥታ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ከጉልበቷ ላይ እንደ ሌላ ሰው ንብረት ተቀምጧል። ጸጉሯ ወደ ኋላ ተጎንጉኖ፣ በሚያምር ቋጠሮ ታስሯል፤ አንዲት ዘለላ አላመለጠችም። ሚሊ ቋጠሮውን አየች። ይሄ በአንድ እጅ አይታሰርም። አንዱን ጫፍ የያዘላት ማን ነው? ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ለፀጉር ሰሪዋ በአንገቱ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ጠበቃው ረቂቁን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንድን አነበቡ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሁለትን፣ ሦስትን አነበቡ። አራትን አንብበው ሳይጨርሱ ሚሊ «ታክሲ ይታዘዝላት» አለች።

ጠበቃው ከወረቀቱ ቀና አሉ። «ምን አልሽ እህቴ?»

«ይዟት መሄድ ምን ያስፈልጋል? እጇ ነው የተጎዳው፣ እግሯ አይደል። ታክሲ ያደርሳታል፣ ታክሲ ይመልሳታል። እኛ እንከፍላለን።»

ባሏ አንገቱን ደፋ። ፀጉር ሰሪዋ ግን አልተቆጣችም። እንደ እንግዳ ሰው በአክብሮት መለሰችላት። «ታክሲ ያደርሰኛል፣ እውነትዎ ነው። ግን ተራ አይዝልኝም። ቅጽ አይሞላልኝም፤ በግራዬ ስጽፍ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው የምመስለው። ደግሞ ሐኪሟ ጣቴን ስታጥፈው ታክሲ አብሮኝ አይቀመጥም።»

«እሱ ይቀመጣል?»

«ይቀመጣል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም ስል እሱ ነው የሚጮኸው። ባለፈው ሐኪሟ ሳቋ መጥቶ ሥራዋን አቋረጠች።»

ጠበቃው ኩባያቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ባልየው ደግሞ ጆሮው ቀልቷል፤ ሐፍረት ነው እንዳይባል ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ ደስታ ነበረችበት፤ ያቺን ደስታ ሚሊ አየቻት። እሷ የመንጋጋ ጥርሷን ስትነቀል ይህ ሰው ውጭ ሆኖ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ስትወጣ «አለቀ?» ብቻ ነው ያላት። አሁን ለሰው ጣት የሚጮኽ ሆነ። የእሷን ውሸት ለብሶ፣ የእሷን ጥፋት እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ተኩሶ በለበሰው ሸሚዝ። በዚያች ሰዓት ሕሊናዋ ነው ያናገራት ቢባል ውሸት ነው። ያናገራት ቅናት ነው።

«የለቀቅሁት እኔ ነኝ» አለች።

ጠበቃው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ተይ» አላት ባሏ፣ በቀስታ።

«ምኑን ነው የምተወው? ነፋሱ ቀሚሴን ገለበው፣ አንድ እጄን ለቅቄ ቀሚሴን ያዝኩ። መስታወቱ በእኔ በኩል ነው የወደቀው። ፖሊሱ ሲጠይቅ እሱ ቀደመኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ስለዚህ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። እዚህ ላይ የእኔ ስም ይጻፍ።»

ከታች ከመደብሩ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሲላወስ ይሰማል። ጠበቃው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው «እህቴ፣ እውነቱን መናገርሽ ጥሩ ነው። ለዚህ ወረቀት ግን ለውጥ የለውም» አሏት። «ሱቁ የማን ነው? የእሱ። መስታወቱ የማን ሥራ ነበር? የሱቁ። አንቺ በሱቁ ሥራ ላይ ሆነሽ ሰው ከተጎዳ፣ ሕጉ የሚይዘው ባለ ሱቁን ነው። አሠሪ ለሠራተኛው ይጠየቃል፣ አባት ለልጁ ይጠየቃል፣ ውሻም ሰው ቢነክስ ባለ ውሻው ነው የሚጠየቅ።»

«እንግዲያው እኔ ውሻው ነኝ ማለት ነው» አለች ሚሊ።

ፀጉር ሰሪዋ ሳቀች። ድንገት ነው ያመለጣት፤ በግራ እጇ አፏን ያዘች። ጠበቃው ተደናገጡ፤ «አይደለም፣ ምሳሌ ነው» ብለው አቃኑት። «ቸልተኛ ነበረች ከተባለ አንቺንም መጠየቅ ይቻላል። ያ ግን የተጎጂዋ ፈንታ ነው።» ወደ ፀጉር ሰሪዋ ዞሩ። «አሁን እንግዲህ ሰማሽ። ይቺን ሴት መጠየቅ ትፈልጊያለሽ ወይ?»

«አሁን አይደለም የሰማሁት» አለች ፀጉር ሰሪዋ። «አይቻለሁ። የተቆረጠው እጄ ነው፣ ዓይኔ አይደለም። ቀሚሷን ስትይዝ አይቻታለሁ።»

ሚሊ ወደ እሷ ዞረች። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ?»

እስካሁን እርስዎ ስትል የነበረችው ልጅ አንቺ ስትላት፣ ሚሊ ከስድብ ይልቅ እንደ ጥሪ ሰማችው። ፀጉር ሰሪዋ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ የማይታጠፉ ጣቶቿን በሌላው እጇ እያሸች ተናገረች።

«ሆስፒታል ተኝቼ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ እጠብቅ ነበር። ምን እንደምልሽ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ብዙ ስድብ ነበረበት። አንቺ አትመጪም፣ እሱ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል። ያልለቀቀ ሰው ለቀቅሁ እያለ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? እሺ አልኩት። በኋላ እንደምትቀኚ ገባኝ፤ ሰዓቱን እያየ ነው የሚወጣው፣ ትጠብቀኛለች ይላል። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ደስ ይለኝ ጀመር። ቁጭ በል እለዋለሁ፣ ሻይ ድገም እለዋለሁ። አንቺ እዚያ ሆነሽ እርር እንድትዪ ብዬ ነው። ባልሽን ፈልጌው እንዳይመስልሽ፣ ብዙ ያወራል።»

«እኔ ነኝ ብዙ የማወራ?» አለ ባልየው።

ሚሊ ምን እንደተሰማት በኋላም ለማንም ልታስረዳ አልቻለችም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ስትቃጠል የኖረች መስሏት ነበር። ለካ እሳቱን ከወዲያ ማዶ ሆና እፍ የምትልላት ነበረች። ተናደደች፤ ግን ንዴቱ እንደ ሌላው ቀን አልቆየባትም። የሰማችው ነገር ክፉ ነበር፤ ቢሆንም በቀጥታ ለእሷ የተባለ፣ ለባሏ ያልተባለ ነገር ነው።

«ሕግ ላይ አልፈልጋትም» አለች ፀጉር ሰሪዋ ለጠበቃው። «ተራ ቁጥር አራት ላይ ግን እሷ ትሁን። ይዛኝ የምትሄደው እሷ።»

«እኔ እኮ እችላለሁ» አለ መስታወት ቆራጩ። ድምፁ ዕቃ የተነጠቀ ሰው ድምፅ ነበር።

ጠበቃው ረቂቁን አዩት። ሦስት ቅጂ ነው፣ ታይፕ ተደርጎ ያለቀ፤ እንደገና ይጻፍ ቢባል ሌላ ቀጠሮ ሊያዝ ነው። እስክሪብቷቸውን አንስተው ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «ራሱ» የሚለውን ሁለቱንም ሰረዙት። «እዚህ ላይ 'የሱቁ ባለቤት' ይላል። 'የሱቁ ባለቤት ወይም ባለቤቱ' ብል ነገሩ አለቀ። የእኛ ቋንቋ ቸር ነው፤ ባለ ንብረትም ባለቤት፣ ሚስትም ባለቤት» ብለው በጣም ረኩ፣ አስነጠሱም። ፀጉር ሰሪዋ በግራ እጇ ቀስ ብላ ፈረመች፣ ባልየው ፈረመ። ሚሊ እስክሪብቶውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«የአንቺ አያስፈልግም» አሏት ጠበቃው።

«በምስክርነትስ?»

«ሚስት ነሽ፣ ምስክር አትሆኚም።»

እጇን መለሰች።

ደረጃው ላይ ባሏ ከኋላዋ ወረደ። መደብሩ በር ላይ ሲደርሱ ክንዷን ያዛት። ፊቱ እንዳኮረፈ ሰው ወደ ታች ረዝሟል። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አላት። «አውቃለሁ» አለችው፤ እውነትም ታውቃለች። የመጀመሪያው ቃል ለእሷ የተባለ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለእሷ አልነበረም፣ ይሄንንም ታውቃለች፤ እሱም ማወቋን አየ። ደግ መሆን ጣፍጦት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ሲቆርጥ ሰው እንዴት ነህ ብሎ የጠየቀው ስለ መስታወቱ ዋጋ ነው፤ ባለፉት ሳምንታት ግን በየደጁ እንደ ሰው ተጠይቋል። ሚሊ ይህን ስታስብ ቅናቷ መልኩን ቀይሮ ትንሽ አዘነችለት። «ሸሚዙ ያምርብሃል» አለችው። እሱ አላመናትም። ክንዷን ለቅቆ ወደ ሱቁ አቅጣጫ ሄደ፤ አሁን ስለ መጨማደዱ ግድ አልነበረውም፣ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር የሚሄደው።

ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አውቶብስ ውስጥ ሚሊ በአንድ እጇ ብረቱን፣ በሌላው የፀጉር ሰሪዋን ግራ ክንድ ይዛ ነበር የመጣችው። አሁን ሚሊ ቅጹን ትሞላለች። ዕድሜ ላይ ደርሳ ስትጠይቃት ፀጉር ሰሪዋ ሃያ ዘጠኝ አለች፤ ሚሊ ሃያ አራት ትሆናለች ብላ ነበር ስትቃጠል የከረመችው፣ አምስት ዓመት ተቀነሰላት። «ጸጉርሽን ማን አሰረልሽ?» አለቻት፣ ከቅጹ ዓይኗን ሳታነሳ። «ጎረቤቴ። አሥር ጊዜ አስፈትቻት ነው፤ መያዝ አትችልም» አለች። ሚሊ ይሄንንም በልቧ መዝግባ ቅጹን ጨረሰች።

ሐኪሟ ወፍራም፣ ፈጣን ሴት ናት። ገና ሲገቡ በሩ ላይ ሰውየውን ፈለገች። «ጯሂው የት ሄደ?» አለች። ከዚያ ሚሊን አየቻትና «እርስዎ ምኗ ነዎት? እህት?» ብላ ጠየቀች።

ሚሊ ወደ ፀጉር ሰሪዋ ዞረች።

«እጄን የቆረጠችው ናት» አለች ፀጉር ሰሪዋ።

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሁለቱ ባለመሳቃቸው ሳቋን አሳጠረችና ወንበር ጎተተችላት። ቀጥሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። የቀለበት ጣቷ ላይ ስትደርስ የፀጉር ሰሪዋ አንገት ሥር ተገታተረ፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ሚሊ መጮህ አትችልበትም። ከእጁ ላይ ዓይኗን ልታሸሽ ፈለገች፤ አላሸሸችም። ጠባሳው ከመዳፉ ሥር ተነስቶ ወደ ክንዱ የሚሄድ፣ ሮዝ፣ ትንሽ ጠመም ያለ መስመር ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ርዝመቱን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ትናንት ሰው ቢጠይቃት ከየት አምጥታ ትመልስ ነበር? አሁን ሳትፈልግ ለካችው፤ መቶ አርባ ሚሊ።

«ዝም አትበዪኝ» አለች ፀጉር ሰሪዋ በተነከሰ ጥርሷ መሐል። «አንድ ነገር አውሪ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ቀሚሱ የት አለ?»

«ሣጥን ውስጥ። ከዚያ ወዲህ አልለበስኩትም።»

«ቀለሙ ያምርብሽ ነበር። ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ወይ ጉድ፣ የት ነው ያሰፋችው እያልኩ ነበር እኮ መስታወቱ ሲመጣ።»

ሚሊ እንባዋ መጣ። ሐኪሟ ፊት ላለማልቀስ ስለ ቀሚሱ ማውራት ጀመረች፤ ጨርቁን የት እንደገዛችው፣ ሰፊዋ ወገቡን ሁለት ጊዜ እንዳበላሸችባት፣ ሦስተኛውን ራሷ ቆማ እንዳስለካቻት። ሐኪሟ ታጥፋለች፣ እሷ ታወራለች። ሦስቱ ጣቶች ሲጨርሱ የመሐለኛው ብቻ ከትናንት ወዲያው ይልቅ ትንሽ ተሻሽሎ ተገኘ። ፀጉር ሰሪዋ ግንባሯ በላብ ርሷል። ሚሊ መሐረቧን አውጥታ ልትጠርግላት ብላ፣ ደፍራ አልነካቻትም፤ በግራ እጇ አስያዘቻት።

ሲመለሱ አውቶብሱ ባዶ ነበር፣ ቁጭ ብለው ሄዱ። የፀጉር ሰሪዋ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚሊ እስከ በሩ አደረሰቻት፣ ቁልፉንም ከፈተችላት። በበሩ ክፍተት ውስጡን አየችው፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የደንበኛ መቀመጫ፣ ከፊቱ ባሏ የሠራው መስታወት። ጠርዙ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ አርፎ ግድግዳው ላይ ቀጭን ቀለም ፈነጠቀ። ሥራው ንጹሕ ነበር። እንዲህ ያለ ጠርዝ ለራሳቸው ቤት ሞርዶ አያውቅም። ያቺ የምታውቃት ቅናት ተመለሰች፤ አልሞተችም፣ ዕድሜ ያላት ናት።

ፀጉር ሰሪዋ ወዴት እንደምታይ አየች። ግቢ አላለቻትም።

«ከነገ ወዲያ ስምንት ሰዓት» አለቻት። «እሱ ሩብ ጉዳይ ሲል እዚህ በር ላይ ነበር። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።»

«እኔ ሃያ ጉዳይ እደርሳለሁ» አለች ሚሊ።

ፀጉር ሰሪዋ ጥቂት አየቻትና በግራ እጇ በሩን ዘጋች።